የአማቹን የፊት መስመር ያመሰገነው ሰው

ኦርቪን ታልማን ስለ ኳስ፣ በእጅ ተይዞ ስለሚሮጥበት የአሜሪካኖቹ ኳስ፣ የሚያውቀውን ሁሉ የተማረው ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ይህን የሚያወራበት ጠላቱ አይደለም፤ ራሱ ነው። ለሆልም ኮሌጅ በተሰለፈባቸው አራት ዓመታት ማሊያው ሳይቆሽሽ ስለሚመለስ፣ እናቱ አሠልጣኙን መንገድ ላይ አስቁማ "ለመሆኑ ይሄ ልጅ እናንተ ጋ ነው የሚውለው?" ብላ ጠይቃለች። ሜዳ የገባው በጠቅላላው አራት ጊዜ ነው። በሦስቱ ምንም አላደረገም። በአራተኛው ኳስ በጉያው ይዞ የሚሮጥ አንድ ጎረምሳ ጠልፎ ከመሬት ደባለቀ፤ ጎረምሳው የራሱ ቡድን ሯጭ ነበር። "አጣጣሌ ግን እንከን አልነበረውም" ይላል ኦርቪን እስከ ዛሬ። "ልጁ ስድስት ሳምንት በክራንች ሄዷል።"

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ሆልምና ዌንድሊንግ ከመጋጠማቸው በፊት ባለው ረቡዕ፣ የትኛው ቡድን በምን እንደሚበልጥ ለከተማው ሕዝብ የሚያስረዳው።

ሁለቱ ኮሌጆች በአሜሪካዋ አዮዋ በቆሎ መሀል በአንድ ወንዝ ተለያይተው የተቀመጡ ትናንሽ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ከተጫዋቾቻቸው መካከል ኳስ ለእንጀራው የሚሆነው አንድም የለም፤ የሚወጣቸው የሒሳብ አስተማሪ፣ የከብት ሐኪምና ገበሬ ነው። ይሁንና በኖቬምበር ሁለተኛው ቅዳሜ ድልድዩ ላይ የሚተላለፉ ሰዎች ሰላምታ ይነፋፈጋሉ።

ኦርቪን የሚሠራው የእህል ጎተራው በር ላይ፣ የመኪና ሚዛን ቤት ውስጥ ነው። በቆሎ የጫነ መኪና ይቆማል፣ ይመዘናል፣ አራግፎ ሲመለስ ደግሞ ባዶውን ይመዘናል። ለከተማው ጋዜጣ የሚጽፈውንም "የኦርቪን ሚዛን" ያለው ከዚሁ ተነስቶ ነው። በግራ ሆልም፣ በቀኝ ዌንድሊንግ፤ ኳስ ወርዋሪ ከወርዋሪ፣ ሯጭ ከሯጭ፣ ኳሱን በእግሩ ወደ ግብ የሚልክ መቺ ከመቺ፤ ለሚያጋድለው ወገን አንድ ጥቁር ነጥብ፣ ከታች ደግሞ ትንበያ። ከሃያ ሰባቱ ትንበያ የያዘለት ዘጠኙ ነው። አንድ ዓመት በራሱ ሲቀልድ "የጋዜጣው አዘጋጅ ውሻ ከሁለት ሳህን አንዱን ቢመርጥልን ይሻላል" ብሎ ቢጽፍ፣ በሳምንቱ አሥራ አንድ አንባቢዎች ውሻውን ደግፈው ደብዳቤ ላኩ።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ነበር፣ ልጁ ካርላ ወንዙን ተሻግራ እስክታገባ ድረስ። ያገባችው ብሬንት ኦስትሪምን ነው። ብሬንት የዌንድሊንግን የፊት መስመር ያሠለጥናል። የፊት መስመር ማለት ኳሱን የማይነኩ፣ ስማቸውን ከእናታቸው በቀር ማንም የማያውቀው፣ ግንድ ግንድ የሚያህሉ አምስት ልጆች ናቸው። ሥራቸው ወርዋሪያቸው እንዳይደፈጠጥ መቆም ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ኦርቪን በሚዛኑ ላይ ስለነሱ "ማጠፊያው የወለቀ የአጥር በር" ብሎ ጻፈ። ብሬንትም እንደ አገሩ ወግ ጽሑፉን አባዝቶ በልብስ መቀየሪያው ክፍል፣ በየሳጥኑ በር ላይ ለጠፈው። በዚያ አገር አሠልጣኝ ከወርቅ ይልቅ የሚፈልገው የተቃራኒን ስድብ ነው። ዌንድሊንግ ሠላሳ ስምንት ለስድስት አሸነፈ።

እዚህ ላይ ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ ባለቀ። ኦርቪን ግን ዝም የማለት ችሎታ የለውም። የምስጋና ቀን፣ ቤተሰብ ማዕድ የሚቀርብበት የኖቬምበር በዓል፣ ደረሰ፤ ልጁና አማቹ ተርኪውን፣ ለበዓሉ የሚጠበሰውን ትልቅ የዶሮ ዘመድ፣ ሊበሉ መጡ፤ የቤቱ አባወራ ጸሎት እንዲያደርስ ሁሉም አንገቱን ደፋ። ኦርቪን ዓይኑን ጨፍኖ እንዲህ አለ፦ "ዳኛ ያላየውን ሁሉ የምታይ አምላክ ሆይ፣ የተያዘውን ማሊያ ታውቃለህ፣ የያዘውንም እጅ ታውቃለህ። አሜን።" የአማቹ ልጆች ማሊያ እየያዙ በማጭበርበር አሸነፉ ማለቱ ነው። አሜን ያለ ሌላ ሰው አልነበረም። ካርላ ተነስታ ኮቷን ለበሰች፤ ጋግራ ያመጣችውን የዱባ ፓይም ከነሳህኑ አንስታ ወጣች። ኦርቪን በመስኮት ሲያይ ፓይው በባሏ ጭን ላይ ተቀምጦ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ አልመጡም። በዚህ ፀደይ ጁን የምትባል ሕፃን ወለዱ። ኦርቪን የልጅ ልጁን ያያት ሦስት ጊዜ ነው፤ አንዱ በመኪና መስኮት።

በኖቬምበር መጀመሪያ ሚስቱ ዶሪን ቁርስ ላይ ቡናዋን አስቀመጠችና "ልጠይቅህ" አለችው። "ዘንድሮ ተርኪ የምገዛው ለሁለት ሰው ነው ለአምስት?"

"እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?"

"ያባረርካቸው አንተ ነህ፣ ታዲያ ማንን ልጠይቅ?"

"እኔ አላባረርኩም። ጸለይኩ።"

"አዎ፣ ከአምላክ ጋር ሆነህ ነው ያባረርካቸው። ስማ ኦርቪን፤ ያቺን ሕፃን ማዕዴ ላይ ካላየኋት ተርኪውን ጋራዥ ውስጥ ከሣር ማጨጃው ጋር ትበላዋለህ።"

"ይቅርታ ጠይቅ ነው የምትይው?"

"ትችልበታለህ?"

አይችልበትም። በዚያ አካባቢ አንድ ወንድ ሌላውን ወንድ ይቅርታ ሲጠይቅ ያየ የለም። የጎረቤቱን አጥር በትራክተር የጣለ ሰው ቢበዛ ቢበዛ "ላሞችህ ዘንድሮ አምሮባቸዋል" ይላል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ኦርቪን ቁርሱን ሳይጨርስ መፍትሔው መጣለት። የብሬንትን ላሞች፣ እነዚያን አምስት ልጆች፣ ያመሰግናል።

ለማመስገን ደግሞ ማየት ያስፈልጋል። በሚቀጥለው ቅዳሜ አረንጓዴውን የሆልም ቆቡን መኪናው ውስጥ ትቶ፣ የርቀት መነጽሩን ይዞ ወንዙን ተሻገረና የዌንድሊንግን ጨዋታ ከአጥር ውጪ ቆሞ አየ። ያየው ነገር አስደነገጠው። ሊዋሽ ነበር የመጣው፤ ውሸት ግን አላስፈለገም። አምስቱ ልጆች እንደ አንድ በር ይከፈታሉ፣ እንደ አንድ በር ይዘጋሉ። የዌንድሊንግ ወርዋሪ ከኋላቸው ቆሞ ሳንድዊች ቢበላ ጊዜ ነበረው። ኦርቪን በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ የፊት መስመር አላየም፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ የፊት መስመር ትኩር ብሎ ያየው ያን ቀን ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ሚዛኑን በሁለት ምሽት ጻፈ። በወርዋሪ ሆልም አጋደለ፤ በሯጭም ሆልም። በመቺ "እኩል ናቸው፤ ሁለቱም ቡድኖች የላቸውም" አለ። የፊት መስመር ላይ ሲደርስ ግን ብዕሩን የሚያስቆመው ጠፋ። ለአምስቱም በስማቸው አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰጣቸውና "ያሠለጠናቸውን ሰው እጁን ልጨብጠው እወዳለሁ" ብሎ ጨረሰ። ትንበያውም ዌንድሊንግ በአሥር ነጥብ። አንብቦ ለዶሪን ሲያሰማት ዓይኑ እርጥብ ነበር። ዶሪን "እኔን ስታገባኝ እንኳ እንዲህ አላልክም" አለችው።

ረቡዕ ጋዜጣው ወጣ። ሐሙስ ጠዋት ዳሬል ቮስ የተባለው ባለመኪና በቆሎውን ጭኖ ሚዛኑ ላይ ቆመና መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ዳሬል የኦርቪን የልጅነት ጓደኛ ነው፤ ያ በክራንች የሄደው ሯጭ እሱ ነው።

"አንተ፣ ከወንዙ ማዶ ቤት ገዛህ እንዴ?"

"ያየሁትን ነው የጻፍኩት።"

"በኔ ላይ የወደቅህ ለት ምን አየህ?"

"አንተን አላየሁም። ለዚህ እኮ ነው።"

"ለማንኛውም እግዜር ይስጥልን። አንተ አሥር ነጥብ ከሰጠሃቸው አለቀላቸው" አለና ዳሬል ሊያራግፍ ነዳው።

ከሱ በኋላ ሚዛኑ ላይ የቆመው በቆሎ የጫነ መኪና አልነበረም። ቀይ ፒክአፕ ነው። ኦርቪን ልማድ ሆኖበት ክብደቱን አነበበ፤ ቀና ሲል ብሬንት ከመኪናው ወርዶ በሩ ላይ ቆሟል። ጋዜጣውን አጥፎ ይዟል። ኦርቪን እጄን ሊጨብጠኝ ነው ብሎ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ።

"ምን አደረግኩዎት?" አለ ብሬንት።

"ምን አልክ?"

"ምን በድዬዎት ነው እንዲህ የጻፉብኝ?"

"አመሰገንኩህ እኮ አሠልጣኝ።"

"እሱን ነው የምልዎት። ከአምስቱ አንዱ፣ ኮዲ፣ ለአክስቱ ልኮላታል። ሁለቱ ቆርጠው ኪሳቸው ከተውታል። አንዱማ ትናንት ልምምድ ላይ ዝቅ በል ስለው 'ጋዜጣው እኮ አቋቋሜን አድንቋል' አለኝ። እንደ ሙሽራ ነው የሚራመዱት። ሰው የሚገፋ ሙሽራ አይተው ያውቃሉ?"

ኦርቪን የጠረገውን እጁን ኪሱ ከተተ።

"የዛሬ ሁለት ዓመት ሰደቡን፣ አሸነፍን" አለ ብሬንት። "ዘንድሮ በለጡኝ። ስኳር አበሏቸው። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ከርስዎ አልጠበቅኩትም ነበር።"

"እኔም ከራሴ አልጠብቀውም" አለ ኦርቪን። "ዘዴ የሚያውቅ ሰው ከሃያ ሰባት ዘጠኝ ያገኛል?"

ይህን ብሬንት ትንሽ አሰላሰለው። ወደ ውስጥ ገባና ያለችውን አንዲት በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ከፒክአፑ ኋላ ሁለት መኪና ተሰልፏል።

"ታዲያ ለምን ጻፉት?"

"ዶሪን ተርኪ ልትገዛ ነው።"

ሌላ ሰው ቢሆን አይገባውም። ብሬንት ግን የዚያው አገር ልጅ ነው።

"ሌባ ብለውኛል" አለ ጫማውን እያየ።

"ሌባ አላልኩም። ዳኛው አላየም ነው ያልኩት።"

"ለእግዚአብሔር ነው የተናገሩት።"

"እሱ አልቀጣህም፤ ካርላ ናት እኔን የቀጣችኝ።"

ውጪ አራተኛው መኪና ደርሶ ጥሩንባውን ነፋ። ብሬንት ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። "አሁን ይሄን ማጥፋት አለብን። ስድብ ይስጡኝ።"

"ምን?"

"ስድብ። ነገ ጠዋት የምለጥፈው። ጋዜጣው እስከ ረቡዕ አይወጣም፤ በእጅዎ ይጻፉልኝ።"

ኦርቪን አንድ የሚዛን ወረቀት ገንጥሎ ጀርባው ላይ ጻፈ። ብሬንት አነበበው፦ "'የዌንድሊንግ የፊት መስመር ከዚህም በላይ ሊሻሻል ይችላል።' ይሄ ስድብ ነው? ይሄማ የተማሪ ሪፖርት ነው።"

ኦርቪን ሌላ ገነጠለ። "'አምስቱም ወፍራሞች ናቸው።'"

"ያውቁታል። እሱ ደስ ነው የሚላቸው።"

"ታዲያ እኔ ምኑን ላውቅ? ያየሁት ደግ ደጉን ነው። አንተ ንገረኝ፤ ምን ያናድድሃል?"

ብሬንት ወደ በሩ አየት አደረገ፤ የሚሰማው ሰው እንደሌለ ሲያረጋግጥ ዝቅ ባለ ድምፅ "ኮዲ ሲደክመው እጁን ወገቡ ላይ ያደርጋል" አለ። "አራተኛው ሩብ ላይ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ አንዱ እጁን ወገቡ ላይ ካደረገ ሁሉም ያደርጋሉ። ልክ ወደ ቁማር ቤት የሚወስዳቸውን አውቶቡስ የሚጠብቁ አሮጊቶች ነው የሚመስሉት።"

ኦርቪን መሣቅ ጀመረ። ብሬንት ላለመሣቅ ጢሙን ያዘ፤ አልተቻለውም። ተራ በተራ እያረሙ፣ አንዱ ሲጽፍ ሌላው እየሰረዘ፣ አምስት የሚዛን ወረቀት አበላሽተው ስድስተኛው ላይ ተስማሙ፦ "የዌንድሊንግን የፊት መስመር በአራተኛው ሩብ ማየት የምትፈልጉ፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው የቁማር ቤቱን አውቶቡስ የሚጠብቁ አምስት አሮጊቶች ፈልጉ። የረቡዑን የጻፍኩት ለእናቶቻቸው አዝኜ ነው።" የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር የኦርቪን ናት፤ እስከ ዛሬ ይኮራባታል። ፈረመበት።

ብሬንት ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ። አሁን ዘጠኝ መኪና ቆሟል፤ ጥሩንባው እንደ ሰርግ ሆኗል።

"የመጀመሪያውን ግን ከልቤ ነው የጻፍኩት" አለው ኦርቪን በሩ ላይ። "መስመሩን ማለቴ ነው።"

"አውቃለሁ" አለ ብሬንት። "የከፋውም እሱ ነው።"

ቅዳሜ ጨዋታው በሆልም ሜዳ ነበር። ኦርቪን አረንጓዴ ቆቡን ደፍቶ፣ ከዶሪንና ከዳሬል መሀል ተቀምጦ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሆዱ ዌንድሊንግን ደገፈ። ዌንድሊንግ ከተሸነፈ ጥፋቱ የማን እንደሚሆን ያውቃል፤ የረቡዑን ምስጋና የጻፈው እሱ ነው። ሰው ሲጮህ አብሮ ይጮሃል፤ የሚጮኸው ግን ትንሽ ዘግየት ብሎ ነው። ከሜዳው ማዶ፣ በቀይ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ ካርላ ሕፃኗን ይዛ ተቀምጣለች።

የብሬንት ልጆች ጉድ ሠሩ። አራተኛው ሩብ ደረሰ፤ አንዱም እጁን ወገቡ ላይ አላደረገም። ኮዲ አንድ ጊዜ እጁ ወደ ወገቡ መሄድ ሲጀምር አጠገቡ ያለው ልጅ እጁን መታው። የሆልምን ልጆች እየገፉ ስድሳ ያርድ ወሰዷቸው። ሆልም ሃያ፣ ዌንድሊንግ አሥራ ዘጠኝ፣ የቀረው አራት ሰከንድ፤ የዌንድሊንግ መቺ ከቅርብ ርቀት፣ ሴት አያት ቆማ ከምታገባው ቦታ፣ ኳሷን መታት። ነፋሱ ከግቡ ውጪ ወሰዳት።

ሁለት ሺህ ሰው ተነስቶ ሲጨፍር ኦርቪን "ወይኔ" ብሎ ተቀመጠ።

ዳሬል ዞር ብሎ አየው። "ምን ሆንክ?"

"በረደኝ።"

"ከሃያ ስምንት ትንበያ ዘጠኝ" አለው ዳሬል ትከሻውን እየመታ። "አምላክ ዕድሜህን ያርዝመው፤ ሁልጊዜ በነሱ ላይ ተንብይልን።"

ኦርቪን በሰው ጭንቅላት መሀል ወደ ማዶ ተንጠራራ። ብሬንት አምስቱን ልጆች አቅፎ አንገቱን ደፍቷል። ቀና አላለም። ቀዩ ብርድ ልብስ ከቦታው የለም።

እሑድ ስልክ አልመጣም። ሰኞም። ሳምንት አለፈ። ዶሪን ከገበያ ሃያ ፓውንድ የሚመዝን ተርኪ ይዛ ገባች። "ለአምስት ሰው ገዛሽ?" ቢላት "ካልመጡ አንተ ፋሲካ ድረስ ትበላዋለህ" አለችው። ኦርቪን ይቅርታ የሚል ደብዳቤ ጀመረና "ውድ ብሬንት፣ የፊት መስመርህ" ብሎ ቆመ። ከዚያ ወዲያ የሚለውን ሁሉ ጋዜጣው ላይ ብሎታል።

ከምስጋና ቀን ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ስልኩ ጮኸ።

"አባዬ" አለች ካርላ። ሰላም እንኳ አላለችም። "ስለ አሮጊቶቹ የጻፍከው አንተ ነህ?"

"ፊርማዬ አለበት።"

"ፊርማህን አይደለም የጠየቅኩህ። ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ተለጥፎ የኮዲ እናት ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ያ የአውቶቡስ ነገር ከኔ ወጥ ቤት ነው የወጣው። ብሬንት ማታ ማታ ሳህን እያጠበ የሚያማርረው እሱን ነው። ለሰው አይናገረውም።"

ኦርቪን ዝም አለ። እንዴት እንደቻለው ዛሬም ይገርመዋል።

"ለስንት ሰዓት ተቀመጣችሁ?"

"ሰዓቱን አላየሁም። ዘጠኝ መኪና ያህል።"

ከማዶ የሕፃን ድምፅ ይሰማል። ካርላ ሕፃኗን አባበለች። "በሽንፈቱ ሦስት ቀን አላናገረኝም፤ አንተን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልወቀሰም። ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ" አለች። "ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ እንመጣለን። ስለ ኳስ አንዲት ቃል አይወራም፤ አንተም እሱም። ቴሌቪዥኑ ይጠፋል። ጸሎቱን እማዬ ታደርሰዋለች።"

"እስማማለሁ።"

"አላስፈቀድኩህም።"

መጡ። ዶሪን ጸሎቱን በአንድ ትንፋሽ አድርሳ ጨረሰች፤ አምስቱም፣ ሕፃኗን ጨምሮ፣ አንድ አንድ ነገር አሉ። ተርኪው ተቆረጠ።

ኦርቪን ስለ አየሩ ተናገረ፤ ብሬንት ስለ አየሩ መለሰ። አየሩ አለቀ። ብሬንት የተፈጨው ድንች ጥሩ ነው አለ። ኦርቪን አዎ፣ ድንቹ ጥሩ ነው አለ። ስለ በቆሎው እርጥበት ሦስት ዓረፍተ ነገር ተባለ። ኦርቪን ስልሳ ሁለት ዓመት በዚህ ምድር ሲኖር ከኳስ ሌላ የሚያወራው ነገር እንደሌለ ያን ቀን ተረዳ፤ አማቹን ሰረቅ አድርጎ ሲያየው እሱም ያንኑ እየተረዳ ነበር። ሁለቱም ድንች ጨመሩ። ዶሪን ተነስታ መረቁን አሞቀች፤ ሞቆ ነበር። ሕፃኗ ብቻ ማንኪያዋን ጠረጴዛው ላይ እየመታች የምትናገረውን ትናገራለች።

ካርላ ባሏን አየች። አባቷን አየች። ሹካዋን አስቀመጠች።

"እሺ" አለች። "ነፋሱ ከየት በኩል ነበር?"

"ከምዕራብ" አሉ ሁለቱም ባንዴ።

"ከምዕራብ ከሆነ ታዲያ ያ መቺ ለምን ወደ ግራ—"

"እሱን ነው የምልሽ" አለ ብሬንት።

"መቺ የላችሁም ብያለሁ፤ ጽፌያለሁ" አለ ኦርቪን። እጁ ወደ ዳቦው ቅርጫት ገብቶ አምስት ዳቦ አውጥቷል፤ ከሳህኑ ፊት ደርድሯቸዋል። "ይኸው መስመርህ። የመጨረሻዋ ምት ላይ እንዲህ ነው የቆሙት።"

ብሬንት ከወንበሩ ተነስቶ ዞረና በአማቱ ትከሻ ላይ አጎንብሶ አየ። "አይደለም" አለ። "ኮዲ ከዚህ ትንሽ ወደ ኋላ ነው የሚቆመው።"

ኦርቪን የግራውን ዳቦ በአንድ ጣቱ ወደ ኋላ ገፋው።

"አሁንም ትንሽ" አለው ብሬንት።